ወተቱ ስለ ምን አልረጋም?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰባችሁበት በዚህ ሰዓት፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎችና የሳይንስ ክበብ አባሎች በፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። የምንናገረው ስለ ወተት ነው። ምናልባት ከወላጆቻችን መካከል «ላም የምናልበው እኛ፣ ቅቤ የምንንጠው እኛ፤ እነዚህ ልጆች ስለ ወተት ምን አዲስ ነገር ሊነግሩን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ስለ ወተት መጀመሪያ የተማርነው ከእናንተ ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ከመካከላችን በአንዳችን ቤት የደረሰው ነገር ብዙ አስጨንቆን፣ ብዙም አስተምሮናልና እርሱን ልንነግራችሁ እንወዳለን። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ የሆነው የመስቀል በዓል አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። የቤቱ ላም ጡቷ አበጠ፤ ሊያልቧት ሲቀርቡ ትራገጣለች፤ ወተቷም ጓጐለ። አባትየው መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ጠርተው በተከታታይ ቀናት መርፌ አስወጓት። እብጠቱ ጐደለ፤ ወተቱም ጠራ፤ ቤተ ሰቡም እጅግ ደስ አለው። እናትየውም ለክትፎው የሚሆን ቅቤና አይብ ያወጡ ዘንድ እንደ ልማዳቸው ወተቱን በታጠነ ዕቃ አጠራቀሙ። ወተቱ ግን አልረጋ አለ። አንድ ቀን ጠበቁ፤ ሁለት ቀን ጠበቁ፤ ወተቱ ወተት እንደ ሆነ ቀረ። «ዕቃው ሳሙና ነክቶት ይሆናል» ብለው ሌላ ዕቃ አጥነው ሞከሩ፤ ያውም እንዲሁ ሆነ። ከጎረቤትም «የሰው ዐይን ነው» ያለ አልጠፋም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ከዚሁ ወተት በየማለዳው አንድ ሊትር ለጎረቤት ሕፃን ይሸጥ ነበር።

ጓደኛችን ቅዳሜ ከከተማ ወደ ቤቱ በሄደ ጊዜ የመድኃኒቱን ባዶ ሣጥን ከጓሮ ወድቆ አገኘው። ጽሕፈቱ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ፊደሉም ከጤፍ ያነሰ ነው። ቢሆንም አንድ በአንድ አነበበው። «የመጨረሻው መርፌ ከተሰጠ በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ ወተቱ ለሰው ምግብ አይሁን» ይላል። መርፌው ካበቃ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር። እናትየው ይህን በሰሙ ጊዜ ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጎረቤት ሄዱና «እኅቴ፣ ይቅር በዪኝ፤ ሳላውቅ ነው። ላሚቱ ተወግታ ነበርና እስከ ረቡዕ ድረስ ወተቷን ለሕፃኑ አትስጪው፤ የከፈልሽኝም ገንዘብ ይኸው» አሏት።

ለመሆኑ መርፌና እርጎ ምን አገናኛቸው? ወተት የሚረጋው ዝም ብሎ አይደለም። በዐይን የማይታዩ፣ ለሰው ግን ወዳጅ የሆኑ ባክቴርያዎች የወተቱን ስኳር እየበሉ ወደ አሲድ ስለሚለውጡት ነው። ላሚቱ የተወጋችው አንቲባዮቲክ ደግሞ ባክቴርያን ለመግደል ወይም እንዳይራባ ለመግታት የተሠራ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ በደሟ ዞሮ ወደ ጡቷ ይደርሳል፤ ከወተቱም ጋራ ይወጣል፤ በዕቃው ውስጥም ሆኖ ጠላትንና ወዳጅን ሳይለይ እርጎ የሚሠሩትን ባክቴርያዎች ሥራ ያስፈታል። እንግዲህ ያ የወተት ዕቃ በራሱ መርማሪ ነበረ፤ እኛ ግን ቋንቋውን አላወቅንለትም ነበር።

የወተት ላቦራቶሪዎች ለብዙ ዓመታት ሲሠሩበት የቆዩት አንድ ምርመራም በአሳቡ ከዚህ የተለየ አይደለም። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ሙቀት የሚወድ የባክቴርያ ዘርና ሐምራዊ ቀለም ይቀመጣል፤ ከሚመረመረው ወተት ጥቂት ይጨመርበትና በ64 ዲግሪ ሙቀት ሦስት ሰዓት ያህል ይቆያል። ባክቴርያው ካደገ አሲድ ያወጣና ቀለሙ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ መድኃኒት ካለበት ግን ሐምራዊ እንደ ሆነ ይቀራል። እኛም በመምህራችን መሪነት ይህን በሚመስል መንገድ ሞክረናል። ወተት አፍልተን ካቀዘቀዝን በኋላ በሁለት ብርጭቆ ከፍለን፣ በሁለቱም አንድ አንድ ማንኪያ እርጎ ጨመርን፤ በአንደኛው ብቻ ከአንድ የቴትራሳይክሊን እንክብል ዱቄት ጥቂት ነሰነስንበት። በማግሥቱ አንደኛው ብርጭቆ ረግቶ፣ መድኃኒት ያለበት ግን እንደ ፈሰሰ ወተት ሆኖ አገኘነው።

«ታዲያ ጥቂት መድኃኒት ቢጠጣ ምን ይጎዳል? እንዲያውም ይፈውስ ይሆናል» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እኛም አስቀድመን እንደዚሁ እናስብ ነበር። ነገር ግን ጉዳቱ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ፔኒሲሊን የማይስማማቸው ሰዎች አሉ። ለእነዚህ ሰዎች በወተት ውስጥ የቀረው ጥቂት መጠን እንኳ ሽፍታና ማሳከክ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የባሰ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

ሁለተኛ፤ እርጎና አይብ ሸጦ ለሚያድር ቤተ ሰብ ያልረጋ ወተት ኪሣራ ነው። የአንዲት የተወጋች ላም ወተት ከብዙ ላሞች ወተት ጋራ ሲቀላቀል ደግሞ የሁሉን ያበላሻል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፤ ባክቴርያው መድኃኒቱን እየለመደ መሄዱ ነው። ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በታኅሣሥ ወር 1945 የኖቤልን ሽልማት በተቀበለ ጊዜ በዚያው ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱ ከሚያስፈልገው መጠን አንሶ ከተወሰደ ባክቴርያዎች እንደሚለምዱት አስጠንቅቆ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መድኃኒት የሚደርሰው ባክቴርያም ቀስ በቀስ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዘር ያፈራል። በ2019 ብቻ መድኃኒት ከለመዱ ባክቴርያዎች የተነሣ በቀጥታ የሞተው ሕዝብ ብዛት 1.27 ሚሊዮን ያህል እንደ ነበረ ሊቃውንት ገምተዋል። ዛሬ ላሚቱን ያዳነ መርፌ ነገ ልጁን ማዳን ቢያቅተው፣ ያን ጊዜ ኪሣራችን በምን ይመዘናል?

ወተቱን ማፍላት መልካም ልማድ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳንና ሌሎችንም በሽታዎች የሚያመጡ ባክቴርያዎችን ይገድላል። መድኃኒት ግን ሕይወት ያለው ነገር አይደለምና ማፍላት ከወተቱ አያስወጣውም፤ ጥቂቱን ቢያጠፋ እንኳ ብዙው ይቀራል።

ይህም በአንድ ቤት ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። የአገራችን የእንስሳት ሕክምና ሊቃውንት በአዲስ አበባ፣ በደብረ ዘይትና በናዝሬት ቄራዎች ከታረዱ ከብቶች የወሰዱትን 384 ናሙና መርምረው በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመቶው በ71ዱ ውስጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን መድኃኒት አግኝተዋል። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከደብረ ዘይትና ከናዝሬት የወተት ከብት እርባታዎች የተወሰዱ 400 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ በ48ቱ ውስጥ የአንቲባዮቲክ ቅሪት መኖሩን ገልጧል። የተገኘው ሁሉ ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ እስከ ማዕዳችን ድረስ እንደሚመጣ በግልጥ ያስረዳል። በመስቀልም ሆነ በዐረፋ ከብት አርዶ ዘመድ ወዳጁን ለሚጋብዝ ለመስቃን ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የተፈቀደው መጠን ስንት እንደ ሆነ ብንነግራችሁ የምርመራው አስቸጋሪነት ይገባችኋል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የምግብ ሕግ ጉባኤ፣ በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ የቴትራሳይክሊን ወገኖች ከ100 ማይክሮግራም፣ ፔኒሲሊን ደግሞ ከ4 ማይክሮግራም እንዳይበልጡ ወስኗል። ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። ስለዚህ 250 ሚሊግራም ያለባት አንዲት የቴትራሳይክሊን እንክብል 2,500 ሊትር ወተት እስከ ወሰኑ ድረስ ለማድረስ ትበቃለች። ይህን ምላስ አይቀምሰውም፤ አፍንጫ አያሸተውም፤ ዐይንም አያየውም። የወተት ዕቃችንም ቢሆን የሚናገረው መድኃኒቱ በጣም ሲበዛ ነው፤ ሲያንስ ወተቱ ይረጋና ዝም ይላል።

እንግዲህ ሊቃውንት ይህን የተሰወረ ነገር በብርሃን ለመግለጥ የሚደክሙበትን ጥበብ እንናገራለን።

አንዳንድ ነገሮች ዐይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት የተባለውን ብርሃን ይቀበሉና ዐይናችን በሚያየው ቀለም መልሰው ያወጡታል። በ1845 ጆን ሄርሼል የተባለ እንግሊዛዊ፣ የወባ መድኃኒት የሆነው ኪኒን በውኃ ተሟሙቶ በፀሐይ ሲታይ ሰማያዊ ብርሃን እንደሚያወጣ አስተዋለ፤ በ1852ም ጆርጅ ስቶክስ የነገሩን ምክንያት መርምሮ ፍሎረሰንስ ብሎ ሰየመው። ማናቸውንም እንክብል «ኪኒን» ብለን የምንጠራው ከዚሁ የወባ መድኃኒት ስም ወስደን መሆኑን ስናስብ፣ ታሪኩ ለእኛም ባዕድ አይደለም።

ቴትራሳይክሊንም እንዲሁ ቢጫ ብርሃን የሚያወጣ መድኃኒት ነው። በ1980 ተመራማሪዎች ከሱዳን ኑብያ የተገኘውን፣ ከ350 እስከ 550 ዓመተ ምሕረት ገደማ የኖሩ ሰዎችን አጥንት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያዩት የቴትራሳይክሊንን ቢጫ ብርሃን አገኙበት። ዘመኑ የአክሱም መንግሥት ዘመን ነው፤ መርፌም ሆነ እንክብል የለም። ሊቃውንቱ እንደሚያስቡት፣ መድኃኒቱን የሚሠሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን በእህሉ ላይ አድገው፣ ሕዝቡ ከዚያ እህል የተጠመቀ ጠላ መሰል መጠጥ ይጠጣ ነበር። ሰው የበላውና የጠጣው ነገር ከ1,400 ዓመት በላይ በአጥንቱ ተሰውሮ ቈይቶ በብርሃን ተገለጠ።

እኛም ይህን ሰምተን፣ ሐሰተኛ የብር ኖት የሚለዩባትን ትንሽ የእጅ መብራት ተውሰን በጨለማ ክፍል ሞከርን። የመድኃኒቱ ዱቄት ቢጫ ሆኖ አበራ። ደስ ብሎን ወደ ወተቱ ስናዞራት ግን መድኃኒት ያለበትም የሌለበትም ብርጭቆ አንድ ዐይነት ሆኖ ታየን፤ ወተት ራሱ በውስጡ ባለው ቪታሚንና ፕሮቲን ምክንያት ያበራልና። መብራት ብቻውን እንደማይበቃ ያን ጊዜ ተረዳን። መድኃኒቱን ከሌላው ነገር ለይቶ የሚያውቅ፣ ባገኘውም ጊዜ በራሱ ቀለም የሚናገር መካከለኛ ያስፈልጋል። ብርሃን አመንጪ መርማሪ የሚባለው ይህ ነው።

የሚሠራባቸው መንገዶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የማጥፋት መንገድ ነው። ለምሳሌ በ2004 የተገኙት የካርቦን ነጠብጣቦች የሚባሉት እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች በአልትራቫዮሌት ፊት ሰማያዊ ያበራሉ፤ ቴትራሳይክሊን ሲቀርባቸው ብርሃኑን ይሻማቸውና ይደበዝዛሉ። የድብዝዛው መጠን የመድኃኒቱን መጠን ይነግራል። ሁለተኛው የማብራት መንገድ ነው። ዩሮፒየም የሚባል ብረት አለ፤ በ1901 ፈረንሳዊው ኢዩጂን ዴማርሴ ያገኘው ነው፤ የቀድሞው ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ቀይ ቀለም የመጣው ከዚህ ብረት ነበር። ዩሮፒየም ብቻውን ብርሃን በመቀበል ሰነፍ ነው። ቴትራሳይክሊን ሲይዘው ግን መድኃኒቱ እንደ ራዲዮ አንቴና ብርሃኑን ተቀብሎ ለብረቱ ያቀብለዋል፤ ብረቱም 615 ናኖሜትር ገደማ በሆነ ደማቅ ቀይ ይበራል። መድኃኒቱ ራሱ መብራቱን ይለኩሳል ማለት ነው። ሦስተኛው ሁለቱን የሚያጣምር ነው፤ ሰማያዊው ሲደበዝዝ ቀዩ ይደምቃልና፣ ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ሲለወጥ ባዶ ዐይንም ሆነ የስልክ ካሜራ ሊለየው ይችላል።

እነዚህ ብረቶች የሚቀመጡበት ቤት ደግሞ ሌላ ድንቅ ነው። ኬሚስቶች የብረት አቶሞችንና ኦርጋኒክ ውሁዶችን አያይዘው፣ የጉራጌ ቤት ጣሪያ ከምሰሶውና ከማገሩ እንደሚዋቀር፣ ብዙ ክፍተት ያለው መዋቅር ይሠራሉ፤ መድኃኒቱ በክፍተቱ ገብቶ ይያዛል። ከእንዲህ ያለው መዋቅር ጥቂት ግራም ብቻ ውስጣዊ ስፋቱ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። ለዚህ ሥራ ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ በ2025 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ያጊ በዮርዳኖስ ከፍልስጥኤማውያን ስደተኞች የተወለደ ሲሆን፣ በልጅነቱ ብዙ ሆነው ከሚያረቧቸው ከብቶች ጋራ በአንድ ጠባብ ክፍል ይኖሩ እንደ ነበረ ተናግሯል። ከብት ከሚያድርበት ቤት የወጣን ልጆች ሁሉ ይህን ልብ እንድንለው ይገባል።

ይሁን እንጂ ያልሆነውን ሆነ ብለን ልናታልላችሁ አንወድም። እነዚህ መርማሪዎች በብዙ ላቦራቶሪዎች ከተፈቀደው ወሰን በታች ያለውን መጠን እንኳ ለይተዋል፤ አብዛኞቹ ግን ገና ከላቦራቶሪ ወደ ገበያ አልወጡም። ወተት አስቸጋሪ ነገር ነው፤ ቅባቱ ብርሃኑን ይበትናል፤ ካልሲየሙና ፕሮቲኑ መድኃኒቱን ይይዙታል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ በአሲድ ተለይቶና ተጣርቶ ነው የሚመረመረው። ከመድኃኒት ሌላ የሆነ ነገርም ብርሃኑን ሊያደበዝዝና ሊያሳስት ይችላል። ቴትራሳይክሊንን የሚያውቀው ዩሮፒየም ፔኒሲሊንን እንደዚያ አያውቀውም፤ ለእርሱ ሌላ መርማሪ ያሻል። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖር የመጨረሻው ፍርድ የትልቁ ላቦራቶሪ መሣሪያ ነው። አንድ ቀን ግን ወተት ሰብሳቢው በእጁ ባለች ወረቀትና በትንሽ መብራት በደጃችን ቆሞ የሚመረምርበት ጊዜ እንደሚመጣ ተስፋ እናደርጋለን፤ ያን የሚሠራውም ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ቢሆን ምኞታችን ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና። አገራችን መስቃን ስሟ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀው በመቍጠር ነው። ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ሆኖ በቡታጅራ አካባቢ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጦ፣ ቤት ለቤት እየዞረ የተወለደውንና የሞተውን ሲመዘግብ ኖሯል። ያ ሥራ ውድ መሣሪያ ያስፈለገው አይደለም፤ ዋናው ነገር በታማኝነት መጠየቅና በታማኝነት መጻፍ ነበር። እኛም የምንለምነው ይህንኑ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ የላሙን፣ የበሬውን፣ የዶሮውንም መድኃኒት ሣጥን ፈልጋችሁ አንብቡ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያስተማሩን እኛ ያነበብነው ለእነርሱ እንዲደርስ ነው። በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቀን በየመድኃኒቱ ይለያያልና በግምት አትናገሩ፤ የመጨረሻው መርፌ የተሰጠበትን ቀንና ወተቱ ወይም ሥጋው ለምግብ የሚሆንበትን ቀን በግድግዳ ላይ በከሰል ጻፉት።

ወላጆቻችን ሆይ፤ መርፌ የሚወጋውን ሰው ዋጋውን ከመጠየቃችሁ አስቀድሞ «ስንት ቀን ነው የሚጠበቀው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሊመልስላችሁ ካልቻለ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። ለበዓል የምታርዱትንም ከብት ስትገዙ በቅርብ ጊዜ ተወግቶ እንደ ሆነ ሻጩን ጠይቁ። የጥቂት ቀን ወተት መድፋት ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ደብተራችንና ጫማችን የተገዛው ከዚያው ወተት ነውና።

መምህራኖቻችንም፤ ይህ ትምህርት በክበባችን ብቻ እንዳይቀር በየክፍሉ ይነገር ዘንድ በትሕትና እንለምናለን።

በመጨረሻ በጅማሬው ወደ ነገርናችሁ ቤት እንመለስ። እናትየው ገንዘቡን በመለሱበት ቀን ደንበኛቸውን ያጡ መስሏቸው ነበር። ረቡዕ ካለፈ በኋላ ግን ሐሙስ ማለዳ ያች ጎረቤት ማሰሮዋን ይዛ ከደጅ ቆማ ተገኘች። ዛሬም ወተት የምትገዛው ከዚያው ቤት ነው፤ ለምን እንደ ሆነ ስትጠየቅም «የሚነግረኝ ሰው አግኝቼ ሌላ ምን ልፈልግ!» ትላለች።